ዡል ቬርንና የመጻሕፍቱ ተራ

ብዙ ክፍል ያለው የምናብ ድርሰት ለማንበብ የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ከየትኛው ልጀምር የሚል ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ መጻሕፍቱ በታተሙበት ተራ ይነበቡ ይላል፤ ሌላው ደግሞ የለም፥ በታሪኩ ውስጥ ባለው ዘመን ተራ ካልሆነ ነገሩ ይደበላለቃል እያለ ይሟገታል። ክርክሩ ቀላል መስሎ ቢታይም የደራሲውን ሐሳብ መረዳትና አለመረዳት አለበት። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ድርሰት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነውን የፈረንሳዊውን የዡል ቬርንን ሕይወት እየተከተልን ልንመረምረው ወደናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዡል ቬርን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1828 በናንት ከተማ ተወለደ። ናንት በሎዋር ወንዝ ዳር ያለች የመርከብ ወደብ ናትና ልጁ መርከብና መርከበኛ እያየ አደገ። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸው ሕግ ተምሮ ቢሮአቸውን እንዲወርስ አስበው ወደ ፓሪስ ላኩት። እርሱም ሕጉን ተምሮ ጨረሰ፤ ልቡ ግን ከቴአትር ቤት ነበረ። የአባቱን ቦታ አልቀበልም ብሎ የቴአትር ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ በ1857 ኦኖሪን የምትባል ሁለት ልጆች ያሏትን ባልቴት ካገባ በኋላም ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር በአክሲዮን ገበያ ይሠራ ነበር። ጧት ማልዶ እየተነሣ መጻፉን ግን አልተወም። ወላጆቹ የመረጡለትን ትምህርት እየተማረ ሌሊት ግጥም የሚጽፍ ጓደኛ ያለን ሁሉ ይህ ወጣት እንግዳ አይሆንብንም።

በ1862 ከአሳታሚው ከፒዬር ዡል ኤትዜል ጋራ ተገናኘ፤ በሚከተለው ዓመትም «አምስት ሳምንት በፊኛ» የተባለው መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ ሦስት እንግሊዞች ከዛንዚባር ተነሥተው አፍሪካን በአየር ሲያቋርጡ ይተርካል። ደራሲው ስሙን ያገኘው በዚህ ነው፤ እኛ አፍሪካውያን ግን ስናነበው ቅር ይለናል። ከፊኛው ቅርጫት ሆኖ ቍልቍል የሚታየው ሕዝብ ስም የሌለው አውሬ መስሎ ቀርቧልና። ይህን እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ስለ ጕዞ የሚናገሩት መጻሕፍት በተከታታይ ወጡ። ከእነርሱም ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። «የካፒቴን ግራንት ልጆች» ከ1865 እስከ 1867፥ «ሃያ ሺሕ ሊግ ከባሕር በታች» ከ1869 እስከ 1870፥ «ምስጢራዊቱ ደሴት» ከ1874 እስከ 1875 በኤትዜል መጽሔት በክፍል በክፍል ታተሙ። ሃያ ሺሕ ሊግ የተባለውም ጥልቀቱ ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ነው፤ ቬርን የቈጠረበት ሊግ 4 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ጕዞው 80,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የሁለተኛው መጽሐፍ ጀግና ካፒቴን ኔሞ ናውቲለስ በተባለችው ባሕር ሰርጓጅ መርከቡ ተቀምጦ ከሰው ዘር የራቀ፥ ስሙም በላቲን ማንም አይደለሁ ማለት የሆነ ሰው ነው። ቬርን አስቀድሞ ያሰበው ኔሞ በሩስያ መንግሥት ቤተ ሰቡ ያለቀበት የፖላንድ ሰው እንዲሆን ነበር። ኤትዜል ግን የሩስያ ገበያ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ከለከለው። ደራሲውም ከተሟገተ በኋላ የኔሞን አገር ሳይናገር ተወው፤ ነገር ግን ፍንጭ አስቀረ። ኔሞ በቱርክ ላይ ለተነሡት ለቀርጤስ ሰዎች ወርቅ ይልካል፤ በሴሎን ባሕር አንድ ድኻ ሕንዳዊ ዕንቍ አውጪ ከሻርክ አድኖ ዕንቍ ይሰጠዋል።

ምስጢሩ የሚፈታው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሪችመንድ በፊኛ ያመለጡ አምስት ሰዎች ከአንድ ባዶ ደሴት ይወድቃሉ፤ የማያውቁት እጅም በችግራቸው ጊዜ ሁሉ ይረዳቸዋል። ያ እጅ የኔሞ ሆኖ ይገኛል፤ ኔሞም በ1857 በእንግሊዝ ላይ የተነሣው የሕንድ ልዑል ዳካር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው መጽሐፉ ጥቍሩን ሕዝብ ከላይ ሆኖ የናቀው ደራሲ፥ ከ12 ዓመት በኋላ ከጀግኖቹ ሁሉ የላቀውን ቅኝ ገዥን የተዋጋ እስያዊ አደረገው። ለውጡ ፍጹም ነው አንልም፤ በዚያው ደሴት ላይ ከባርነት ነጻ የወጣው ናብ አሁንም እንደ አሽከር ይታያልና። ሆኖም መንገዱ የሚታየው በታተሙበት ተራ ለሚያነብ ነው።

በታሪኩ ዘመን ተራ እናንብብ የሚሉት ወንድሞቻችን ደግሞ ከዚህ ላይ ይሰናከላሉ። በሁለተኛው መጽሐፍ ፕሮፌሰር አሮናክስ ናውቲለስ ላይ የወጣው በ1867 ነው፤ በሦስተኛው ግን ኔሞ በ1868 አርጅቶ ሲሞት ያ ጕዞ ከብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመ ሆኖ ይነገራል። በመጀመሪያው መጽሐፍ በ1865 በባዶ ደሴት የተጣለው ወንጀለኛ አይርተንም በሦስተኛው ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ የኖረ ይሆናል። ዘመኑ አይገጥምም፤ ስለዚህ በዘመን ተራ መደርደር አይቻልም። ምስጢራዊቱን ደሴት አስቀድሞ ያነበበም የአይርተንን ጸጸት ያለ ኀጢአቱ፥ የኔሞን ሞት ያለ ሕይወቱ ያገኘዋል።

የቬርን ኋለኛ ዘመን ከብዶ ነበር። በ1871 ወደ አሚየን ከተማ ገባ። በማርች 1886 አእምሮው የታወከ የወንድሙ ልጅ በሽጕጥ እግሩን መትቶት እስከ ዕለተ ሞቱ አነከሰ፤ በዚያው ወር ኤትዜል ሞተ። በ1865 ከምድር ወደ ጨረቃ ጥይት የላኩት እነዚያ ደስተኞች መድፈኞቹ፥ በ1889 በወጣው መጽሐፍ ለትርፍ ብለው የምድርን ዘንግ ሊያዘነብሉ ሲነሡ እናገኛቸዋለን። ቬርን ማርች 24 ቀን 1905 ሞተ። ከዚያ በኋላ የወጡትን ልጁ ሚሼል ለዋውጧቸዋልና ወደ መጨረሻ ማድረጉ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ደንባችንን ይፈትነዋል። ቬርን በ1863 ገደማ፥ ገና በጅምሩ፥ መኪናና ገንዘብ በነገሠባት በወደ ፊቷ ፓሪስ ስለሚጠፋ አንድ ወጣት ገጣሚ ጽፎ ነበር። ኤትዜል አላትምም አለው፤ መጽሐፉም የታተመው በ1994 ነው። እንግዲህ ኀዘኑ ከእርጅና ጋራ የመጣ ብቻ ሳይሆን ከጥንቱም የነበረ፥ አሳታሚው ግን የሸፈነው ኖሯል። ስለዚህ ይህን አንዱን፥ በመጨረሻ ቢታተምም፥ ከፊኛው መጽሐፍ ቀጥሎ እንዲነበብ እንመክራለን። የቀሩት ግን በወጡበት ተራ ይነበቡ፤ እንዲህ ያነበበ ሰው ከታሪኩ ጋራ ታሪክ ነጋሪውንም ያገኘዋልና።