ያለ ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ የገባው የአፈር ሊቅ

የክረምቱ መግቢያ ሲቃረብ በገጠር ቀበሌዎች ከሚነሡ ጉዳዮች ሁሉ የሚቀድመው የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። ዩሪያው ገባ ወይ፣ ኤንፒኤሱ ደረሰ ወይ፣ ለጤፉ ስንት፣ ለበቆሎው ስንት ይበቃል የሚለው ጥያቄ ከአርሶ አደሩ አፍ አይጠፋም። ሰብል ከመሬት የተወሰኑ ንጥረ ነገሮችን ይዞ እንደሚሄድ፣ የተወሰደው ካልተመለሰም መሬት እንደሚደኸይ ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ሊቢግ ነው። በግብርና ኮሌጆች ስለ አፈር ለምነት የሚማር ሁሉ ስሙን ያገኘዋል። ይህ ሊቅ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሆን የመልቀቂያ ምስክር ወረቀትም ያልነበረው ሰው መሆኑን ግን ብዙዎች አያውቁም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቢግ የተወለደው ግንቦት 12 ቀን 1803 በጀርመን ምድር በሄሰን ግዛት፣ ዳርምሽታት በተባለች ከተማ ነው። አባቱ የቀለምና የመድኃኒት ቅመማ ቅመም ነጋዴ ነበር። ከሚሸጠው ዕቃ ከፊሉን በራሱ አነስተኛ የሥራ ቤት ያዘጋጅ ስለነበር ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በድስትና በምድጃ፣ በአሲድና በጨው መካከል አደገ። ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ የትኛው ንጥረ ነገር ከየትኛው ጋር ሲገናኝ እንደሚፈላ ያወቀው ከመጽሐፍ በፊት በዐይኑና በእጁ ነው።

የመጽሐፉን ዕውቀት ደግሞ ያገኘው ከዳርምሽታት ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለከተማው ሰው መጽሐፍ ያውስ ነበር። ልጁ የኬሚስትሪ መጻሕፍቱን የሚያነባቸው በመደርደሪያው ላይ በተቀመጡበት ተራ ነበር። የሚመርጥለትም የሚመራውም አልነበረም። ያነበበውን ሙከራ ወደ አባቱ የሥራ ቤት ወስዶ ደጋግሞ ይሠራዋል። አንድ ቀን በከተማው የገበያ በዓል ላይ አንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ በትንሹ ሲነካ የሚፈነዳ የብር ውሁድ ሲያዘጋጅ ተመለከተ። ከሚወጣው ጭስ ቀለምና ከሽታው ነጋዴው ምን ምን እንደሚጠቀም ለይቶ አወቀና ቤቱ ገብቶ ራሱ አዘጋጀው። ይህ ፈንጂ ቅመም ኋላ የሕይወቱን አቅጣጫ የሚወስን ሆነ።

በትምህርት ቤት ግን ዩስቱስ ከሰነፎቹ ተራ የሚቆጠር ነበር። በዘመኑ ጂምናዚየም የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቆመው በላቲንና በግሪክ ቋንቋ ላይ ነው። ተማሪው የሚመዘነው ቃላትን በቃሉ በመያዝ፣ የጥንት ጸሐፍትን በመተርጎም ነበር። ዩስቱስ በጆሮው የሰማውን የመያዝ ችሎታው ደካማ ሆኖበት ተቸገረ። አንድ ጊዜ መምህሩ ስንፍናውን ከወቀሱት በኋላ ለመሆኑ ወደፊት ምን ልትሆን ታስባለህ ብለው ቢጠይቁት ኬሚስት እሆናለሁ ብሎ መለሰ። መምህሩም ተማሪዎቹም በሳቅ ፈነዱ። በዚያ ዘመን ኬሚስትሪ የመድኃኒት ቀማሚዎች እጅ ሥራ እንጂ አንድ ወጣት ተምሮት የሚተዳደርበት ሙያ ተደርጎ አይታይም ነበርና።

ጊዜውም የችግር ጊዜ ነበር። በ1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ የፀሐይን ብርሃን ስለጋረደ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ በጋው ሳይመጣ ቀረ። አዝመራው በዝናብና በውርጭ ጠፋ፣ የዳቦ ዋጋ ናረ፣ ብዙ ሕዝብ ተራበ። ዩስቱስ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ከሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ኋላ ለገበሬው ማሳ የሰጠውን ትኩረት ከዚህ የረሃብ ዘመን ጋር ያያይዙታል።

በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርት ቤቱን ሳያጠናቅቅ ወጣ። አባቱም ሄፐንሃይም በተባለች ከተማ ለሚገኝ መድኃኒት ቀማሚ በለማጅነት ሰጠው። እዚያም አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰገነት ላይ በሚሠራው የፈንጂ ሙከራ ጣሪያውን ስላናጋ ተባረረ የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። የሕይወት ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ግን አባቱ የለማጅነቱን ክፍያ መክፈል ስላቃተው ሳይመለስ አልቀረም ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ሙያውንም ያልተመረቀበት ወጣት በአባቱ ሱቅና በቤተ መጻሕፍቱ መካከል ሲመላለስ ቆየ።

በሩን የከፈተለት ትውውቅ ነው። በቦን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ካርል ካስትነር ከአባቱ ጋር ትውውቅ ነበረው። በ1820 ዩስቱስን ተማሪውና ረዳቱ አድርጎ ተቀበለው። በማግስቱ ዓመት ካስትነር ወደ ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ወጣቱም ተከተለው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሕግ መገንዘብ ያስፈልጋል። ቦን የምትገኝበት የፕሩሲያ መንግሥት አቢቱር የተባለውን የመልቀቂያ ፈተና የደነገገው በ1788 ነው፤ በእኛ አነጋገር ማትሪክ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ ፈተናው ብቸኛው መግቢያ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ምስክር ወረቀት የሌለውን አመልካች በራሳቸው መመዘኛ መቀበል ይችሉ ነበር። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1834 በወጣ ደንብ ነው። ሊቢግ ቦን የደረሰው በሩ ገና ገርበብ ብሎ ሳለ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የተወለደ ሌላ የቀለም ነጋዴ ልጅ፣ ችሎታው እኩል ቢሆን እንኳ፣ በዚያ መንገድ መግባቱ እጅግ ይከብደው ነበር።

መግባት ብቻውን ግን መማር አልሆነለትም። ካስትነር የማዕድናትን ይዘት የመመርመር ጥበብ እንደሚያስተምረው ቃል ቢገባለትም እርሱ ራሱ ጥበቡን በሚገባ አያውቀውም ነበር። ትምህርቱ ንግግር የበዛበት፣ ሙከራ ያነሰው ሆነ። ወጣቱ በዚህ ላይ የተማሪዎች ማኅበር አባል ሆኖ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር በተነሣ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ታሰረም። በ1822 ኤርላንገንን ለቅቆ መውጣት ግድ ሆነበት።

በዚህ የጭንቅ ጊዜ እንደገና የደረሰለት ካስትነር ነው። ለሄሰኑ ታላቅ መስፍን ለቀዳማዊ ሉድቪግ ስለ ወጣቱ መሰከረለት። መስፍኑም ፓሪስ ሄዶ የሚማርበትን ገንዘብ ሰጡት። ፓሪስ ያኔ የኬሚስትሪ መዲና ነበረች። ሊቢግ በዚያ ከቴናርና ከጌ ሉሳክ ትምህርት እያንዳንዱ ነገር በሚዛንና በቁጥር እንደሚረጋገጥ ተማረ። በ1823 ኤርላንገን በሌለበት የዶክትሬት ማዕርግ ሰጠው። ማትሪክ ያልነበረው ወጣት በ20 ዓመቱ ዶክተር ተባለ።

በዚያው ዓመት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመራመርበት ስለኖረው ፈንጂ የብር ውሁድ ያጠናውን ጽሑፍ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ከታዳሚዎቹ መካከል ታላቁ አሳሽ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነበር። ሁምቦልት የወጣቱን ችሎታ አይቶ ከጌ ሉሳክ የግል ቤተ ሙከራ አስገባው። ስለ እርሱም ለሄሰኑ መስፍን አሳሰበ። በ1824 መስፍኑ የ21 ዓመቱን ሊቢግ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርገው ሾሙት። ዩኒቨርሲቲውን አላማከሩም ነበርና ነባሮቹ መምህራን አኮረፉ። በማግስቱ ዓመት ግን ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ።

በጊሰን የተሰጠው ቤተ ሙከራ ቀድሞ የወታደሮች ዘብ ቤት የነበረ ባዶ ሕንፃ ነው። ሊቢግ ለመድኃኒት ቀማሚዎች ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም እንዲከፈት ቢጠይቅ የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ቀማሚዎችን ማሠልጠን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አይደለም ብሎ ከለከለው። እርሱ ግን ተቋሙን በግሉ ከፈተው። ከመድኃኒት ቤት ለማጅነት የመጡ ወጣቶች በገዛ እጃቸው እየመዘኑ፣ እያቃጠሉ፣ እያጣሩ ኬሚስትሪን ተማሩ። ውሎ አድሮ ዩኒቨርሲቲው ተቋሙን የራሱ አደረገው። በ1831 ሊቢግ በሕይወታዊ ነገሮች ውስጥ ያለውን ካርቦን በቀላሉ የሚለካ ከመስተዋት የተሠራ መሣሪያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መካከለኛ ችሎታ ያለው ተማሪ እንኳ ቀድሞ ሊቃውንት ብቻ የሚችሉትን ምርመራ መሥራት ቻለ። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ ሳይቀር ተማሪዎች ወደዚያች ትንሽ ከተማ ጎረፉ። የሕንፃ ንድፍ ሊማር መጥቶ ትምህርቱን በሰማ ጊዜ ሐሳቡን የለወጠው ኬኩሌ ኋላ የቤንዚንን ቀለበታዊ ቅርጽ ያስረዳ ሊቅ ሆነ።

ገበሬውን የሚመለከተው መጽሐፉ የወጣው በ1840 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ተክል የሚመገበው በአፈር ውስጥ የበሰበሰውን ብስባሽ ራሱን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሊቢግ ተክል ካርቦንን ከአየር፣ እንደ ፎስፈረስና ፖታሽ ያሉትን ማዕድናት ደግሞ ከአፈር እንደሚወስድ አስረዳ። ማስረጃው አመድ ነው። ተክል ሲቃጠል የሚቀረው አመድ ከመሬት የተወሰደው ማዕድን ነውና። አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለምቶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ፣ ገለባው ለከብት ተጭኖ የሚሄድበት ማሳ ግን ከዓመት ዓመት ይራቆታል።

ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሌላው ትምህርት የዝቅተኛው መጠን ሕግ ነው። ሐሳቡን አስቀድሞ ያቀረበው ሌላው ጀርመናዊ ካርል ሽፕሬንግል ሲሆን ሊቢግ በሰፊው አሠራጨው። የሰብል ዕድገት የሚወሰነው በብዛት ባለው ንጥረ ነገር ሳይሆን በጎደለው ነው። አንዱ በሬ የቱንም ያህል ቢጠነክር ጥንዱ የሚሄደው በደካማው በሬ እርምጃ እንደሆነ ማለት ነው። ፎስፈረስ በጎደለው መሬት ላይ ዩሪያ ቢደራረብ ምርቱ የሚፈለገውን ያህል አይጨምርም። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ የተጨመረው ፎስፈረስ በአፈሩ ስለሚያዝ መሬቱ አስቀድሞ በኖራ መታከም ይኖርበታል።

ሊቢግ ከስሕተት ነፃ አልነበረም። በ1845 በእንግሊዝ አገር ለገበያ ያቀረበው ማዳበሪያ ከሸፈ። ዝናብ አጥቦ እንዳይወስደው በማለት ማዕድኑን በውኃ እንዳይሟሟ አድርጎ አቅልጦት ነበርና የሰብሉ ሥር ሊጠቀምበት አልቻለም። ከአየርና ከዝናብ የሚገኘው ናይትሮጅን ለሰብል ይበቃል ብሎም ይከራከር ነበር። ሎውስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለ መሬትና ጊሰን ሄዶ ከሊቢግ እግር ሥር የተማረው ጊልበርት ከ1843 ጀምሮ በሮተምስቴድ ማሳ ላይ ባካሄዱት ሙከራ ስንዴ ናይትሮጅን ሲጨመርለት ምርቱ በእጅጉ እንደሚጨምር አሳዩ። ሊቢግ በዚህ ለብዙ ዓመታት ቢሟገትም አፈር የሚሟሟውን ንጥረ ነገር ይዞ የማቆየት ኃይል እንዳለው በተረጋገጠ ጊዜ የማዳበሪያውን አሠራር በተመለከተ መሳሳቱን በይፋ አመነ።

በስተርጅናው ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው የከተሞች ነገር ነው። ከገጠር እህልና ሥጋ ሆኖ ወደ ከተማ የሚገባው የመሬት ሀብት በቆሻሻ መልክ ወደ ወንዝ ተደፍቶ ይቀራል፤ ለማሳው አይመለስም። ለንደን ፍሳሿን ወደ ቴምዝ ከመልቀቅ ይልቅ ወደ እርሻ እንድትመልሰው ወትውቷል። የከተማ ደረቅ ቆሻሻ ወደ ብስባሽ ተለውጦ ለአርሶ አደሩ ይድረስ የሚለው የዛሬ ክርክር የዚያው ጥያቄ ልጅ ነው።

በ1845 የባሮንነት ማዕርግ ተሰጥቶት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ተባለ። በ1852 ወደ ሙኒክ ተዛወረ፤ በዚያው ከተማ ሚያዝያ 18 ቀን 1873 በ69 ዓመቱ አረፈ። በጊሰን የሠራበት ቤተ ሙከራ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ሳያማክሩን ሾሙብን ብለው መምህራኑ ያኮረፉበት፣ ቀማሚዎችን አላሠለጥንም ያለው ዩኒቨርሲቲም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስሙ ተሰይሞ ዛሬ የዩስቱስ ሊቢግ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።