ሱን ሲሚያዎ፦ ከመድኃኒት በፊት ማዕድን ያስቀደሙ ሐኪም

ሱን ሲሚያዎ በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ዛሬ ሻአንሺ በሚባለው ግዛት ተወለዱ። በልጅነታቸው ሕመም ስለማይለያቸው ቤተሰባቸው ለመድኃኒት ጥሪቱን አሟጠጠ። በሽታ ጎጆ እንደሚያፈርስ በገዛ ቤታቸው አዩ።

አድገው ሐኪም ሲሆኑ ዝናቸው ቤተ መንግሥት ቢደርስም የቀረበላቸውን ሹመት አልተቀበሉም፤ ድሃና ባለጸጋ ሳይለዩ ማከምን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ652 ገደማ ያጠናቀቁትን 30 ጥራዝ ያለውን መጽሐፋቸውን፣ የሰው ሕይወት ከሺህ ወርቅ ይበልጣል ብለው ስላመኑ፣ በሺህ ወርቅ ስም ሰየሙት። አንዱን ጥራዝ ለምግብ ሕክምና ሰጥተው የፍራፍሬን፣ የአትክልትን፣ የእህልንና የሥጋን ጠባይ ዘረዘሩበት። ሐኪም የበሽታውን ምንጭ ከለየ በኋላ አስቀድሞ በምግብ እንዲያክም፣ ይህ ካልበጀ ብቻ ወደ መድኃኒት እንዲሻገር አስተማሩ።

ዳፍንት ለያዘው ጉበት፣ እንቅርት ለወጣበት ደግሞ የባሕር አረም ያዝዙ ነበር። ጉበት ቫይታሚን ኤ፣ የባሕር አረም አዮዲን እንዳላቸው ሳይንስ የደረሰበት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እንቅርትና ዳፍንት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደሉም። ዛሬ አዮዲን በገበታ ጨው ይገኛል፤ ቫይታሚን ኤ የሚሰጡት ካሮትና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልም ቆቃን በመሰሉ የመስኖ አካባቢዎች ይለማሉ። ለገበያ ከሚጫነው ለልጆች ማዕድ ማስቀረት የሐኪሙን ትምህርት መከተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ682 ያረፉትን ሱን ሲሚያዎን ቻይናውያን እስከ ዛሬ የመድኃኒት ንጉሥ ይሏቸዋል።