ሰርጌይ ራህማኒኖቭ እና ዝም ያሰኘችው ሌሊት

ከድራማው ቀን ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ሰው ሳቀብን ብላችሁ ሁለተኛ መድረክ አንወጣም ማለታችሁን ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት ግጥም ተስቆበት ከዚያ ወዲህ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጌይ ራህማኒኖቭ የተወለደው በ1873 ከባላባት ቤተሰብ ነው። ይሁን እንጂ አባቱ ርስቱን በትኖ ስለጨረሰ ባላባትነቱ በስም ብቻ ቀረ። ልጁ ሞስኮ ሙዚቃ ተምሮ በ1892፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በታላቅ የወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ። ስመ ጥሩው ቻይኮቭስኪ እንኳ አድንቆታል። እስከዚያ ድረስ ከምስጋና በቀር የሰማው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

በማርች 1897 የመጀመሪያ ሲምፎኒው በፒተርስቡርግ ከተማ ቀረበ። ሲምፎኒ ማለት ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚደረስ፣ ብዙ ክፍሎች ያሉት ረጅም ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኦርኬስትራው በቂ ልምምድ አላደረገም ነበር። መሪው ግላዙኖቭም ለሥራው እምብዛም አልተጨነቀበትም። ጠጥቶ ነበር የሚሉም አሉ፤ ይህ ግን አልተረጋገጠም። ሙዚቃው ተበላሸ። የ23 ዓመቱ ወጣት ደረጃው ላይ ተሸሽጎ ጆሮውን ይዞ እንደነበር ይነገራል።

በማግስቱ ሂሱ መጣ። ሴዛር ኩይ የሚባል፣ ራሱም የሙዚቃ ደራሲ የሆነ የጦር ምሽግ መሐንዲስ፣ በጋዜጣ ላይ ሲምፎኒውን በግብፅ ላይ ከወረደው መቅሠፍት ጋር አመሳሰለው፤ የሲኦል ሰዎች ሙዚቃ ቢማሩ እንዲህ ያለውን ይወዱ ነበር ብሎም ቀለደ። የፒተርስቡርግና የሞስኮ ሙዚቀኞች ድሮም አይዋደዱም ነበርና ነገሩ ከድርሰቱ በላይ ሳይሆን አልቀረም። ራህማኒኖቭ ግን ይህን መለየት አልቻለም። ጥፋቱ የልምምዱ ይሁን የኩይ ቂም ወይስ የራሱ፣ ሁሉንም በራሱ ላይ ጫነው። ሦስት ዓመት ያህል አንድም ትልቅ ድርሰት አልጻፈም። ለእንጀራው ያስተምርና የኦፔራ ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ዘመዶቹ ይመክረው ዘንድ ታላቁ ቶልስቶይ ዘንድ ቢወስዱት ጭራሽ ቶልስቶይም ሙዚቃውን አልወደደለትም!

በ1900 መጀመሪያ ላይ ዶክተር ኒኮላይ ዳል ወደሚባል ሐኪም ላኩት። ይህ ሐኪም እሱም ለራሱ ደስታ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ነበር። ለወራት ያህል ራህማኒኖቭን ባለመደገፊያ ወንበር ላይ እያስቀመጠ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳለ፣ እንደሚጽፍና የሚጽፈውም መልካም እንደሚሆን ደጋግሞ ይነግረው ነበር። በዚያው ዓመት ብዕሩ ተከፈተ። ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ፒያኖና ኦርኬስትራ የሚመላለሱበትን ድርሰት፣ በ1901 ጨርሶ ራሱ ፒያኖውን ተጫወተ። ድርሰቱን ለዶክተር ዳል መታሰቢያ አደረገው። ዛሬም በዓለም ላይ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው።

ወላጆች፣ የሚቀጥለው ለእናንተም ነው። በ1917 አብዮቱ ሲነሳ ራህማኒኖቭ ባለቤቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ፣ በዲሴምበር ብርድ፣ በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ ድንበር ተሻገረ። ርስቱ፣ ቤቱና አብዛኛው ወረቀቱ እዚያው ቀረ። አሜሪካ ሲደርስ 45 ዓመቱ ነበር። ቤተሰብ ለመመገብ ሲል የሌሎችን ድርሰት እንደ ተማሪ እያጠና ከከተማ ከተማ የሚዞር ፒያኒስት ሆነ። በ25 የስደት ዓመታት ቁጥር የተሰጣቸው ስድስት ድርሰቶችን ብቻ ጻፈ።

ታዲያ የሂስ ፍርሃቱ ለቀቀው? አልለቀቀውም። በ1927 አራተኛው ኮንቼርቶው ፊላዴልፊያ ላይ ሲነቀፍ መቁረጥ ጀመረ፤ እስከ 1941 ድረስ ሲቆርጠውና ሲያስተካክለው ኖረ። በ1931 የጻፈው የኮሬሊ ቫሪዬሽን ደግሞ ሃያ ክፍሎች አሉት። ይህን ሲጫወት ሕዝቡ ካሳለ ተሰላቹ ብሎ ቀጣዩን ክፍል ይዘለው ነበር። በአንድ ትንሽ ከተማ ሳሉ ቢበዛ አሥሩን ብቻ ተጫውቶ ተነስቷል። ያን ጊዜ የዓለም ስመ ጥር ፒያኒስት ነበር፤ ቢሆንም የጉንፋን ሳል ያስደነግጠው ነበር። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አሳዘነኝ። ያም ሆኖ በነጋታው ሌላ ከተማ፣ ሌላ መድረክ ላይ ይገኝ ነበር።

ያቺ የተሰደበች ሲምፎኒስ? በሕይወቱ ሳለ ዳግመኛ እንድትሰማ አልፈቀደም። ዋናው ጽሑፍ ሩሲያ ቀርቶ ጠፋ። እሱም ማርች 28 ቀን 1943 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ፣ ያን ጊዜ ሌኒንግራድ በምትባለው በዚያችው ፒተርስቡርግ፣ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያነብባቸው ወረቀቶች ተገኙ። ሰዎች አንዱን ከአንዱ አገጣጥመው ድርሰቱን መልሰው ሠሩት። ኦክቶበር 17 ቀን 1945 ሞስኮ ላይ፣ በሚገባ ልምምድ ተደርጎበት፣ ከ48 ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰማ። ሕዝቡም ወደደው።