ኢርቪንግ ላንግሚዩር

ኢርቪንግ ላንግሚዩር (ጃንዋሪ 31 ቀን 1881 – ኦገስት 16 ቀን 1957) አሜሪካዊ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። በ1932 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኤሌክትሮንና አዮን ለተቀላቀሉበት ጋዝ «ፕላዝማ» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው የላንግሚዩር ፕሮብ በፊውዥን ማሽኖች ጠርዝ ያለውን ፕላዝማ ለመለካት ዛሬም ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና የአምፖል ምርምር

ላንግሚዩር በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። ከአራት ወንድማማቾች ሦስተኛው ነበር። በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረት ምሕንድስና ተመርቆ ወደ ጀርመን ሄደ፤ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በዋልተር ኔርንስት ዘንድ ተምሮ በ1906 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የመመረቂያ ጥናቱ ጋዞች በጋለ ሽቦ አጠገብ ምን እንደሚሆኑ የሚመረምር ነበር። ያቺ የጋለች ሽቦ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየችውም ማለት ይቻላል። ጥቂት ዓመታት በኒው ጀርሲ ካስተማረ በኋላ በ1909 ስከኔክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ገባ፤ ጡረታ እስከ ወጣበት እስከ 1950 ድረስም እዚያው ሠራ።

በዚያን ጊዜ የተንግስተን ክር ያላቸው አምፖሎች ውስጣቸው ቶሎ ይጠቁር ነበር። መሐንዲሶቹ ጥፋቱን በአምፖሉ ውስጥ በቀረው ጥቂት አየር ላይ ስለ ጣሉ የተሻለ ባዶነት ለመፍጠር ይደክሙ ነበር። ላንግሚዩር ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ ሆን ብሎ የተለያዩ ጋዞችን እያስገባ የእያንዳንዱን ውጤት መረመረ። የሚያጠቁረው ከጋለው ክር የሚተንነው ተንግስተን መሆኑን ደረሰበት። ክሩ እንዲጠቀለልና አምፖሉ በናይትሮጅን፣ በኋላም በአርገን እንዲሞላ ሲደረግ ትነቱ ቀነሰ፤ ብርሃኑም ጨመረ።

የላንግሚዩር ፕሮብ

በ1920ዎቹ ላንግሚዩር ከሃሮልድ ሞት-ስሚዝ ጋር ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው የጋዝ ቱቦዎች ላይ ሠራ። በቱቦ ውስጥ ትንሽ ሽቦ ማስገባት ቀድሞም የተለመደ ነበር። ቀደምት ተመራማሪዎች ግን ወደ ሽቦው የሚገባው ከረንት ዜሮ የሚሆንበትን ቮልቴጅ አንብበው፣ ያ የፕላዝማው የራሱ ቮልቴጅ ነው ይሉ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች እጅግ ቀላልና ፈጣን ስለሆኑ ሽቦውን አብዝተው ይመቱታል፤ ስለዚህ ሽቦው ከፕላዝማው ይልቅ ኔጋቲቭ ይሆናል።

የላንግሚዩር መፍትሔ አንዷን ነጥብ ትቶ ሙሉውን መስመር ማንበብ ነበር። የሽቦው ቮልቴጅ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ደረጃ በደረጃ ይቀየራል፤ በየደረጃውም ከረንቱ ይለካል። ቮልቴጁ በጣም ኔጋቲቭ ሲሆን ሽቦው የሚሰበስበው አዮኖችን ብቻ ነው። ከፍ ሲል ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች መድረስ ይጀምራሉ፤ ከረንቱም በፍጥነት ያድጋል። የዚህ ዕድገት ፍጥነት የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት፣ የአዮኖቹ ከረንት መጠን ደግሞ የፕላዝማውን እፍግታ ይነግራል። በአንድ ሽቦ፣ በአንድ የባትሪ ምንጭና በአንድ የከረንት መለኪያ ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ኖቤል ካስገኘለት ሥራ አያንስም።

ፊውዥንን በቁጥጥር ሥር ለማዋል የሚደረገው ምርምር ላንግሚዩር ሲሞት ገና ጀማሪ ነበር። በቶካማክ መሐል ሙቀቱ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ ስለሚበልጥ ምንም ሽቦ አይገባበትም፤ ተንግስተን እንኳ በ3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። በጠርዙ ግን ሙቀቱ በብዙ እጥፍ ዝቅ ይላል፤ ፕላዝማውም ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ከግራፋይት ወይም ከተንግስተን የተሠሩ ፕሮቦች ፕላዝማው በሚያርፍባቸው ንጣፎች ላይ ይተከላሉ፤ ሌሎቹ በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ ሆነው ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ገብተው ይወጣሉ። የማሽኑ ግድግዳ ምን ያህል ጫና እንደሚሸከም የሚታወቀው በከፊል በእነዚህ ልኬቶች ነው። ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ባለበት ኤሌክትሮኖችና አዮኖች መስመሩን ተከትለው ስለሚሄዱ የ1926ቱ ስሌት እንዳለ አይሠራም፤ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ሰው ሠራሽ ዝናብና ክርክሩ

በ1946 ረዳቱ ቪንሰንት ሼፈር ደረቅ በረዶ በቀዘቀዘ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣት እንደሚፈጥር አገኘ። ላንግሚዩር በዚህ እጅግ ተማረከ። በኦክቶበር 1947 የፕሮጀክት ሲረስ ቡድን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በነበረ አውሎ ነፋስ ላይ ደረቅ በረዶ ረጨ፤ አውሎ ነፋሱም ዞሮ ጆርጂያ ግዛትን መታ። ላንግሚዩር አቅጣጫውን የለወጠው ርጭቱ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ግን መዞር የጀመረው ከርጭቱ በፊት መሆኑን አሳዩ። በኋላም በኒው ሜክሲኮ የሚደረገው ሳምንታዊ ርጭት በሩቅ ግዛቶች በየሰባት ቀኑ ዝናብ አምጥቷል ሲል አብዛኞቹ አልተቀበሉትም።

የሚገርመው፣ በ1953 ስለ «በሽተኛ ሳይንስ» ንግግር ያደረገው ይኸው ሰው ነው። በንግግሩ ቅን ተመራማሪዎች ለመለየት በሚያስቸግር ደካማ ምልክት ተመርተው ራሳቸውን እንዴት እንደሚያታልሉ አብራርቷል። የዝናብ ሥራው በራሱ መስፈርት ቢመዘን ያልፍ እንደሆነ ያጠራጥራል። ደመናን የማዝነቡ ሙከራ ግን ከእሱ ጋር አልቀረም፤ በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተሞክሯል።

ላንግሚዩር በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል በልብ ድካም ሞተ። ከባለቤቱ ከማሪዮን መርሰሮ ጋር ሁለት ልጆችን በማደጎ አሳድጓል። የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ከ1985 ጀምሮ በስሙ የሚጠራ የሳይንስ መጽሔት ያሳትማል።