ሠዓሊው ቶማስ ኤኪንስና ቀራጩ ራሽ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ቶማስ ኤኪንስ በ1844 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ ተምሮ በ1870 ሲመለስ፣ የሰው ገላ በግምት ሳይሆን በዓይን እየታየ መሣል አለበት የሚል ጽኑ እምነት ይዞ ነበር።

ለዚህም እምነቱ የአገሩን ልጅ ዊልያም ራሽን ምስክር አድርጎ ጠራ። ራሽ ለመርከብ ግንባር የሚሆን ምስል ከእንጨት ሲጠርብ ኖሮ በ1833 የሞተ ቀራጭ ነው። ኤኪንስ በ1877 በፈጸመው ሥዕል ራሽ የስኩልኪል ወንዝን ምሳሌ ይቀርጻል፤ ልብሷን ያወለቀች ሴት ቆማለታለች፤ አጠገቧም አንዲት ባልቴት ሹራብ ትሠራለች። ኤኪንስም ሥዕሉን የሠራው ሴት አቁሞ እያየ ነው። ራሽ በእርግጥ እንዲህ ስለ መሥራቱ ግን ማስረጃ የለም።

ታዲያ ሙት ሰውን ለራስ ክርክር ምስክር መጥራት ተገቢ ነውን? እኛ ፍርዳችንን ከመስጠታችን በፊት የሆነውን እንይ። በ1886 ኤኪንስ በፔንሲልቫኒያ አካዳሚ ሲያስተምር፣ ሴቶች ተማሪዎች ባሉበት ከወንድ ሞዴል የኀፍረት መሸፈኛውን ስላነሣ ሥራውን እንዲለቅ ተገደደ። ከተማሪዎቹም አያሌዎቹ ተከትለውት ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ እርሱም ያለ ደመወዝ አስተማራቸው።

በ1908 እንደ ገና ራሽን ሣለ። ቀራጩ ሴትዮዋን እጇን ይዞ በአክብሮት ከመቆሚያዋ ያወርዳታል፤ ቁመናው ግን የኤኪንስን ይመስላል። በ1916 ሞተ። ኤኪንስ እምነቱን በራሽ ስም ቢናገርም ዕዳውን ራሱ ከፍሏልና፣ እኛ ምስክርነቱን እንቀበለዋለን።