ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሕመምተኛው ቃል

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ተደጋግሞ ተጽፏል። ክብሩ የሚገባቸው ነው። ሆኖም ከዚሁ ክብር ጋር ተያይዞ የሚሄደውን አንድ ነገር ብዙ ጸሐፊዎች ዘለውት ያልፋሉ። ይኸውም እኒህ ሰው በተወለዱበት አገር ድንኳን ተክለው የገዛ ወገናቸውን ማከም በጀመሩበት ጊዜ፣ ሕመምተኛው የሚናገርበትን ቋንቋ የማያውቁ መሆናቸው ነው።

የጎንደር ተወላጅ የሆኑት ወርቅነህ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። በዚያ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው ቀሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች አንሥተው ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ ካሳደጓቸውና ካስተማሯቸው ከሁለት መኮንኖች ስም ተወስዶም ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ካደጉ በኋላ ላሆር ከተማ ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናከሩ፤ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን የእናት ልሳናቸው ከአፋቸው ጠፋ። በሦስት ዓመት ዕድሜው ከቤቱ የተነጠቀ ሕፃን ቋንቋውን ቢረሳ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስደንቀው አገሩን አለመርሳቱ ነው።

በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ በዓለም በተሰማ ጊዜ ወደ አገራቸው የመመለስ ሐሳባቸው በረታ። በ1892 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ገብተው ሕመምተኞችን ማየት ያዙ። ጥቁር ሐኪም መጣ፣ እርሱም የመቅደላ ልጅ ነው የሚለው ወሬ በከተማው ተናፈሰ። ይህን ወሬ የሰሙ አያታቸው መጥተው በሕፃንነታቸው የደረሰባቸውን የአካል ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው ይባላል። እንግዲህ ከዘመድ ጋር ያገናኛቸው ምልክት ቃል ሳይሆን ጠባሳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ሁሉ ያደረጉት በአስተርጓሚ አፍ ነው።

ለዘመድ ጨዋታ አስተርጓሚ ይበቃ ይሆናል። ለሕክምና ግን መብቃቱ ያጠራጥራል። መሐንዲስ የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ናሙና አስቆፍሮ ይመረምራል፤ አፈሩ ባይናገርም ጉዳት የለውም። ሐኪም ግን፣ ያውም ራጅ ገና አዲስ ግኝት በነበረበትና በድንኳን ውስጥ ላቦራቶሪ በማይታሰብበት በዚያን ዘመን፣ ከዐይኑ፣ ከእጁና ከደረት ማዳመጫው ቀጥሎ የሚመካበት ዋና መሣሪያ የሕመምተኛው ንግግር ነው። አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። ሕመሙ ይወጋል፣ ይቆርጣል፣ ይቆረጥማል፣ ይነዝራል፣ ይጠቀጥቃል፣ ያቃጥላል፣ ይፋጃል። እያንዳንዱ ቃል ወደተለየ የአካል ክፍልና ወደተለየ የበሽታ ዓይነት ያመለክታል። ጎኔን ይወጋኛል ያለ ሰውና ጎኔን ይቆረጥመኛል ያለ ሰው አንድ ነገር አልተናገሩም። ይሁንና አስተርጓሚው ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ሰውዬው ጎኑን ታሟል ብሎ ቢያልፈው፣ ሐኪሙ ሊያውቀው ከሚገባው ነገር ግማሹ በመንገድ ፈሶ ቀረ ማለት ነው። ምች መታኝ የሚል ሕመምተኛ ሲመጣም ነገሩ የባሰ ነው። ምች በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ቃሉ የበሽታ ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታው መነሻ ምን እንደሆነ ሕመምተኛው የሰጠው ፍርድ ጭምር ነው፤ ሐኪሙም ያንን ፍርድ ሳያውቅ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከኪሱ አድርጎ ወደ ዳማከሴው ይሄዳል።

ከቃሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ገመናው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ሐኪም ከሚያስመጡት ደዌዎች መካከል ቂጥኝና ጨብጥ የታወቁ ናቸው። የተከበረ ሰው ወይም የባላባት ሚስት እንዲህ ያለውን ነገር ለሐኪም መንገሩ ራሱ ጭንቅ ሆኖ ሳለ፣ በመካከል ሦስተኛ ሰው ቆሞ፣ ያውም የከተማው ነዋሪ የሆነና ማታ ከጓደኞቹ ጋር ጠጅ ቤት የሚቀመጥ ሰው እያዳመጠ እንዴት ይነገራል? ሕመምተኛው ከበሽታው ይልቅ አስተርጓሚውን ቢፈራ አይፈረድበትም። ሐኪሙ መርምረው የሚያዩትን ሊያዩ ይችላሉ፤ ያልተነገራቸውን ግን ሊጠይቁ አይችሉም። በዚህ ጸሐፊዎች እምብዛም ባልመረመሩት ጉዳይ ላይ ያገራችን ሕክምና መነሻው የላላ ነበር ማለት ይቻላል። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም ሆኑ በየሌጋሲዮኑ የነበሩት ሐኪሞች ያው ችግር ነበረባቸው፤ ልዩነቱ እነርሱ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ ማንም ሌላ ነገር ያልጠበቀባቸው መሆኑ ነው። ከሐኪም ወርቅነህ ግን መልካቸውን ያየ ሁሉ አማርኛ ይጠብቅ ነበር።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም ከሌላ ክፍል ተመድቦ መቱ ወይም ኖፓ የገባ ሐኪም ኦሮምኛ የማያውቅ እንደ ሆነ፣ ከገጠር የመጣችውን እናት የሚያነጋግራት በነርሷ ወይም በአስታማሚዋ አፍ ነው። አስታማሚው የባሏ ወንድም ከሆነ ደግሞ ስንቱን ትናገራለች?

ሐኪም ወርቅነህ በ1893 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በሱማሌ ምድር በሙሐመድ ዐብደላ ሐሰን ላይ ባደረጉት ዘመቻ ካገለገሉ በኋላ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. እንደ ገና የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው አዲስ አበባ መጡ። ያ ጊዜ ስለ ሕመም መናገርና አለመናገር የመንግሥት ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክን ሰውነታቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ያሰረ ጽኑ ሕመም ያዛቸው። ባገራችን ልማድ ክፉ ነገር ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ በለሆሳስ ነው። የሕመምተኛው አለመዳን ቢታወቅ ሐኪሙ የሚነግረው ለቤተ ዘመድ ነው፤ ቤተ ዘመዱም የሚነገረውንና የሚሸሸገውን ይመርጣል። ይህ ልማድ በአንድ ቤት ውስጥ ርኅራኄ ነው። በቤተ መንግሥት ሲሆን ግን ሕዝቡ በወሬ እንዲኖር አደረገው። ስታይንኩህለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ እየተሰጣቸው ነው ብሎ በተናገረ ጊዜ፣ ነገሩ በሌጋሲዮኖቹ መካከል ታላቅ ሁከት አስነሣ፤ ሌሎቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም፤ እርሱም አገሩን ለቅቆ ሄደ። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ሁሉ በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። እውነተኛው ነገር በግልጽ ባልተነገረበት ቦታ የሚሞላው ባዶ ስፍራ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ በአልጋ ላይ ቆዩ፤ ሞታቸውም ወዲያው አልታወጀም።

ከ1911 ዓ.ም. በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ከበርማ ጡረታቸውን ይዘው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ገቡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል። አማርኛውን ከእንግዲህ ቀስ በቀስ መልሰው ይዘውት ነበር፤ ይዘውትም አልቀሩ፣ ለተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙበት። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተቀመጡ፤ የፍል ውኃን መታጠቢያ ቤቶች አሠሩ። ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጥመው ደግሞ በ1919 እና በ1920 ዓ.ም. መካከል ወደ አሜሪካ ተልከው ከጄ. ጂ. ኋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ የተነጋገሩት እርሳቸው መሆናቸው ነው። ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው መንገድ በማስጠረግና አስተዳደሩን በማደስ ስም አትርፈዋል። ሕክምናውን ምን ያህል ተዉት ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይልቅስ ትምህርት ቤቱም መጽሐፉም ከድንኳኑ ጊዜ የተረፈውን ዕዳ የመክፈያ መንገድ ሆነውላቸው ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ወገኑን በወገኑ ቋንቋ የሚያክም ሰው ከትምህርት ቤት በቀር ከየት ይገኛል?

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆኑ። የኢጣልያ ወረራ የደረሰው እዚያ ሳሉ ነው። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ለጦርነቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደዚሁ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጎሬ ተዛወረ። በወለጋ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር፣ ቢንያምና ዮሴፍም በውስጡ ሆነው፣ በራስ እምሩ መሪነት ተዋጋ። አባት በለንደን ስለ ኢትዮጵያ ለዓለም እየተናገሩ ርዳታ ይለምናሉ፤ ልጆች በምዕራብ ዱር ውስጥ ናቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ አጠገብ እጅ ሲሰጡ ሁለቱም ተያዙ። ከየካቲት 12 ቀን በኋላ በተደረገው የምሁራን ፍጅት ተገደሉ። መርዶው የደረሰላቸው በባዕድ አገር ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1934 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመት ግድም ዕድሜያቸው ዐረፉ።