ሰርጌይ ግሪንኮቭ፦ ሙዚቃው ሲቆም

በእኛ አገር በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ቡቃያ የሚያወድም፣ ልጆች ለቅመው ወደ አፋቸው ሳያደርሱት የሚቀልጥ ነገር ነው። እሱ ላይ ቆሞ መሄድ፣ አልፎ ተርፎም መደነስ፣ ለአብዛኞቻችን ከተረት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ሻምፒዮን ላወራ መነሣቴ ግር የሚለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሰውየው ሩሲያዊው ሰርጌይ ግሪንኮቭ ነው። በ1995 ነው የሞተው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።) በሕይወት ሳለ ዝምተኛ ነበር። ጋዜጠኞች ሲከቧቸው አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው ባለቤቱ ነበረች። ከእሱ የቀረን እንግዲህ ሙዚቃ ነው፤ እሱ ያልደረሰው፣ ያልተጫወተው፣ ብዙውንም ሌላ ሰው የመረጠለት ሙዚቃ። ይህ ነገር ነው ስለ እሱ እንድጽፍ የገፋፋኝ።

ሰርጌይ በየካቲት 4 ቀን 1967 ሞስኮ ተወለደ። አባቱም እናቱም የሞስኮ ፖሊስ ባልደረቦች ነበሩ። በአምስት ዓመቱ የሠራዊቱ ስፖርት ክበብ በሆነው በጼስካ የልጆች ሸርተቴ ትምህርት ቤት ገባ። በነጠላ ውድድር ላይ ዝላዩ ብዙም ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። በ1981 ቭላድሚር ዛካሮቭ የተባሉት አሠልጣኝ የ14 ዓመቱን ሰርጌይ ከአንዲት የ10 ዓመት ልጅ ጋር አጣመሩት። ልጅቷ ኤካተሪና ጎርዴዬቫ ናት፤ በቤት ስሟ ካትያ። የእሷም ዝላይ እንዲሁ ደካማ ነበር። አባቷ በታወቀው የቀይ ጦር የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ነበሩ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ማን ከማን ጋር ይጣመር የሚለውን የሚወስነው አሠልጣኝ ነበር፤ ልጆቹን የጠየቃቸው የለም። አንዳንዴ ሳስበው የጥንት አማጮቻችን እንኳ ከዚህ የተሻለ ይጠይቁ ነበር እላለሁ። ጥምረቱ ግን ሠመረ። በ1986 ጄኔቫ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ እሱ 19፣ እሷ ገና 14 ዓመቷ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሳራዬቮ ላይ የሆነው ነገር ትንሽ ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። የአውሮፓ ሻምፒዮና ነው። ነፃውን ፕሮግራም እያቀረቡ ሳሉ የሰርጌይ ሱሪ ከጫማው ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ ተፈታ። ዋና ዳኛው አደጋ ይደርስባቸዋል ብለው እንዲያቆሙ ምልክት ሰጡ። ልጆቹ አላቆሙም። ዳኛው ሙዚቃው እንዲጠፋ አስደረጉ። ልጆቹ አሁንም አላቆሙም። ዝም ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድም ኖታ ሳይሰሙ፣ ዝላዩንም ማንሣቱንም በየጊዜው እየሠሩ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያም ከውድድሩ ተሰረዙ። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና የዳኛውን ውሳኔ ላጣጥል አልችልም፤ ሥልጣናቸው ነበር፤ ተጠቅመውበታል። የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። እነዚያ ሁለት ልጆች ሙዚቃውን ከድምፅ ማጉያ አይደለም የሚሰሙት ማለት ነው። ስድስት ዓመት በየቀኑ አብረው ሠርተው አንደኛው በሌላኛው ትንፋሽ ውስጥ ይሰማው ነበር። ከሳምንታት በኋላ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ላይ የዓለም ሻምፒዮንነታቸውን አስጠበቁ፤ ሳራዬቮም ተረሳች።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሞስኮ ውስጥ ልምምድ ሲያደርጉ የሰርጌይ ጫማ ምላጭ በረዶው ውስጥ ተቀረቀረና ካትያን ከላይ ጣላት። በግንባሯ ነው የወደቀችው። ሆስፒታል ተኛች። እሱ አበባ ይዞ መጣ። ባለቤቱ እሱ ከሞተ በኋላ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚያ ቀን ወዲህ አያያዙ እንደተለወጠ ጽፋለች። ቀድሞ ሁለት አብረው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ እጁ አጥብቆ መያዝ ጀመረ።

በየካቲት 1988 ካልጋሪ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰዱ። የነፃ ፕሮግራማቸው ሙዚቃ የሜንደልሶን ነበር፤ ውስጡም ያ በዓለም ዙሪያ ሙሽሮች የሚታጀቡበት፣ በአዲስ አበባ የሰርግ አዳራሾችም ሳይቀር ስንሰማው የኖርነው ማርሽ አለበት። እሱ ገና 21 መድፈኑ ነው፤ እሷ 16። በመካከላቸው የፍቅር ወሬ ገና አልነበረም። ሙዚቃውን ያዘጋጀችላቸው ኮሪዮግራፈራቸው ማሪና ዙዬቫ ናት። ይህች ሴት የሰርጌይን ሕይወት በሙዚቃ የጻፈች ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1990 ሃሊፋክስ ላይ ለአራተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ የተንሸራተቱት በቻይኮቭስኪ ሮሚዮና ጁልዬት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ፍቅሩ እውነት ሆኗል። ታዳሚው ትወና ነው ብሎ የሚያየው ነገር ለሁለቱ የቤታቸው ጉዳይ ነበር።

በዚሁ በ1990 የሰርጌይ አባት በልብ ሕመም ሞቱ። ይህን አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ እመለስበታለሁ። በሚያዝያ 1991 ሁለቱ ተጋቡ፤ አንዱ ሥነ ሥርዓት በመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን። ከወራት በኋላ ያሳደጋቸው መንግሥት፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ራሱ ፈረሰ። እነሱ በዚያን ጊዜ ከአማተር ውድድር ወጥተው በአሜሪካ ከተሞች የሚዞር የትርዒት ቡድን ውስጥ ነበሩ። ልጃቸው መስከረም 11 ቀን 1992 አሜሪካ ውስጥ ተወለደች። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ እንቁጣጣሽ ነው፤ ወላጆቿ ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ባለሙያ የሆኑ ተወዳዳሪዎች ወደ ኦሊምፒክ መመለስ እንዲችሉ ሲፈቀድ ተመልሰው መጡ፤ በ1994 ኖርዌይ፣ ሊሌሃመር። ሙዚቃው የቤቶቨን የጨረቃ ብርሃን ሶናታ ነበር። ቤቶቨን በ1801 ሲደርሰው እንዲህ ያለ ስም አልነበረውም፤ ስሙን ያወጣለት እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የጀርመን ሐያሲ ነው። ዝግ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ስሕተት የሚደበቅበት ቦታ የማይሰጥ ሙዚቃ ነው። የዙዬቫ ሐሳብ ሰርጌይ ለሴትነት፣ ለእናትነት ይንበረከክ የሚል ነበር፤ ከበረዶው ላይ ተንበርክኮ የሚያያት ሴት እውነትም የልጁ እናት ናት። ዝላይ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቷል፤ ሁለት መዞር የነበረበትን አንድ ብቻ ዞረ። ተቀናቃኞቻቸው ናታሊያ ሚሽኩትዮኖክና አርቱር ድሚትሪዬቭ በራክማኒኖፍ እሳት ሆነው ነበርና እስከ ዛሬ ወርቁ ለእነዚያ ይገባ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ሁለቱን ቅጂ ከዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ሳይ መጀመሪያ ለእነዚያ አድልቼ ነበር። ደግሜ ሳየው ሐሳቤን ለወጥሁ። የእነ ሰርጌይ ፕሮግራም ለማስደነቅ የሚለፋ አይደለም። ሰውየው ብዙ አይሠራም፤ እሷን ያሳያል። ሲያነሣት ቀና ብሎ የሚያየው ወደ እሷ ነው፤ ሲያወርዳትም ምላጩ በረዶውን ሲነካ አይሰማም። ዳኞቹም ወርቁን ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ተኩል የጥሩ ኑሮ ዘመን ነው፤ በኮኔቲከት ግዛት ሲምስበሪ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ኖሩ፤ ትርዒት፣ ጉዞ፣ ልጅ ማሳደግ። ሰርጌይን የሚያስቸግረው ጀርባው ነበር። ልቡን የጠረጠረው ሰው የለም።

ኅዳር 20 ቀን 1995 በኒውዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ ውስጥ ለአዲሱ የትርዒት ወቅት ይለማመዱ ነበር። ሙዚቃው የኖርዌጂያዊው የኤድቫርድ ግሪግ የፒያኖ ኮንቼርቶ ነው። ዙዬቫም ከዳር ቆማ ትመለከታለች። ሙዚቃው ከፍ እያለ ሲሄድ ሰርጌይ ወገቧን መያዝ ነበረበት፤ አልያዛትም። ካትያ ጀርባው ያመመው መስሏት ነበር። እሱ ተንሸራትቶ ወደ ዳር ሄደ፣ አጥሩን ለመያዝ ሞከረ፣ ከዚያም ጉልበቱን አጥፎ ቀስ ብሎ በረዶው ላይ ተጋደመ። ዙዬቫ ሙዚቃውን አጠፋች። በዚያ ዕለት፣ እንደ ሳራዬቮው ቀን፣ መቀጠል አልተቻለም። በአቅራቢያው ሆስፒታል ሐኪሞች ሊመልሱት ሞክረው አልሆነም። ዕድሜው 28 ነበር።

ሬሳው ሲመረመር ልቡ ከመጠን በላይ የሰፋ፣ ወደ ልቡ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ክፉኛ የተዘጉ ሆነው ተገኙ። ከመሞቱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥም ምልክት ሳይሰጥ ያለፈ አንድ የልብ ድካም እንደነበረበት ታወቀ። ያን ቀን በማለዳ ተነሥቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ሴት ሊያነሣ በረዶ ላይ የወጣው በዚያ ልብ ነው። የአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደሙን መርምረው ደም ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ፣ ከወላጅ የሚወረስ አንድ የዘረመል ዓይነት አገኙበት። ያ ዘረመል ከዚያ ወዲህ በእሱ ስም እስከመጠራት ደርሷል። አባቱን ያነሣሁት ለዚህ ነው። በእኛም አገር ስንቱ ቤት ነው አባት በልብ ሞቶ፣ ቀኑ ደርሶ ነው ተብሎ፣ ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ የሚኖሩት። እኔ ራሴ የአባቴን በሽታ ስም የጠየቅሁት ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሐኪም ሲጠይቀኝ ነው።

ሞስኮ ውስጥ ልጅ ሆኖ በተማረበት የጼስካ ሸርተቴ አዳራሽ ሰው ተሰናበተው፤ በቫጋንኮቮ መቃብርም ተቀበረ።

አሁን ወደ መጨረሻው ሙዚቃ ልምጣ። የካቲት 27 ቀን 1996 በኮኔቲከት ሃርትፎርድ ከተማ የመታሰቢያ ትርዒት ተደረገለት። ባለቤቱ ካትያ በዚያ ምሽት ለብቻዋ በረዶ ላይ ወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሱ ጋር ስትወጣ የኖረች ሴት ናት። ሙዚቃው ከማህለር አምስተኛ ሲምፎኒ ዝግተኛው ክፍል ነበር፤ ማህለር ለወደፊት ሚስቱ እንደ ፍቅር ደብዳቤ የጻፈው ነው ብለው የሙዚቃ መሪው ሜንገልበርግ የመሰከሩለት። ያዘጋጀችላት አሁንም ዙዬቫ ናት።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን መጀመሪያ ስሰማ አልወደድሁትም። ሰውየው ከሞተ 99ኛ ቀኑ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ሬዲዮናችንን አጥፍታ ዳንቴሏን ጣል አደረገችበት፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ አልተነካም። ጎረቤት እንኳ ዘፈን ሲከፍት ቀነስ ያደርግልን ነበር። እኔ ያደግሁት ሐዘንና ሙዚቃ በአንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም በሚል ቤት ነው። ባሏን ቀብራ ገና ዓመት ሳይሞላት፣ አሸብርቃ፣ መብራት በርቶላት፣ ቴሌቪዥን እየቀረጻት መደነስ ምን የሚሉት ነው ብዬ ነበር።

ቀረጻውን አየሁት። ሴትየዋ እጇን ወደ ባዶ ቦታ ትዘረጋለች፣ ትንበረከካለች፣ ትነሣለች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ ታያለች። ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ እናቴ አልነበረችም፤ የአያቴ አገር አልቃሽ ነበረች። እሷም እኮ በዜማ ነው የምታለቅሰው። የሟችን ልብስና ጠመንጃ ይዛ፣ ደረቷን እየመታች፣ በእግሯ እያዘመች፣ ሙሾውን በዜማ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም ይቀበላታል። ነውር ነው ያለ የለም። ካትያም የምታውቀው አንድ ቋንቋ ነበር፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ የተማረችው። በእሱ አለቀሰች። ሬዲዮኑን ያጠፋችው እናቴና በሙዚቃ የወጣችው ካትያ ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል ብዬ ልፈርድ አልደፍርም፤ ይህን የሚዳኝ ሕግም አላነበብሁም።

ልጆቼ ይህን የእኔን አዲስ ፍቅር አይተው የትኛው ፕሮግራማቸው ይበልጣል ብለው ይጠይቁኛል። ሰው ሁሉ የጨረቃ ብርሃኑን ይላል። እኔ ሳራዬቮን ነው ደግሜ የማየው። ሙዚቃው ይጠፋል፤ ዳኛው ይጠብቃሉ፤ አንድ ትልቅ ልጅና አንዲት ትንሽ ልጅ ምንም እንዳልሆነ ዞረው ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የምላጮቹ ድምፅ ነው።